ሙቀቱ ነው ወይስ ካምሻፍቱ? በመተማ ቆላ የአሮጌ ላንድሮቨር ሞተር ሲታደስ የቫልቭ ጊዜን በልኬት ስለ መወሰን

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው መስመር፣ ታድሶ ከጋራዥ የወጣ አሮጌ ሞተር ውሃ ካፈላና ጉልበት ካጣ ቀድሞ የሚከሰሰው አየሩ ነው። ክሱ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። የመተማ ወረዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1,600 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ አየሩን መክሰስ ምርመራን ያስቀራል። ሙቀቱን መለወጥ ስለማይቻል፣ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው ከተባለ በኋላ ሞተሩን እንደገና ከፍቶ የሚያይ አይኖርም። በሙቀት ከሚመካኙት ጉድለቶች አንዱ የካምሻፍት ጊዜ መዛባት ነው፤ እርሱም በትንሽ መሣሪያና በጥቂት ሰዓት ሥራ ሊለካና ሊታረም የሚችል ነው።

ለማብራሪያነት የተመረጠው የላንድሮቨር ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። ላንድሮቨር በኢትዮጵያ ገጠር አስፋልት ባልደረሰባቸው ዘመናት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የረጅም መንገድ ተጓዦች መኪና ነበረ። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1958 ከሁለተኛው የላንድሮቨር ትውልድ ጋር የወጣ ሲሆን አራት ሲሊንደሮች አሉት። የሲሊንደሩ ስፋት 90.47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 88.9 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ የእሳት ቅደም ተከተሉ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ካምሻፍቱ በሞተሩ ጎን ተቀምጦ በድርብ ሰንሰለት (በጋራዥ አነጋገር ካቴና) ከክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ከኮሎው፣ ኃይል ይቀበላል። ቫልቮቹን የሚከፍተው በመግፊያ ዘንግና በሮከር አማካይነት ነው። ለትምህርት የሚመች ሞተር ነው፤ አሠራሩ ግልጽ፣ ብረቱ ወፍራም፣ የአምራቹ የጥገና መመሪያም ለእያንዳንዱ ልኬት ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚሰጥ ነው።

ጉዳዩ የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ዋናው የገበያ ሰብል ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ የፍሬው ማቀፊያ በራሱ ተከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያረግፋል፤ ስለዚህ አጨዳው ሳምንታትን የሚታገሥ ሥራ አይደለም። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ የአጨዳው መጀመሪያ ከዋልካው ጭቃ ጋር ይገጥማል። ለአጫጆች ውሃና ስንቅ፣ ለትራክተር ነዳጅ የምታመላልስ አንዲት መኪና በዚያ ወቅት ብትቆም የሚረግፈው ሰሊጥ ዋጋው ከሞተሩ እድሳት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አየሩ ምን ያህል ጥፋተኛ ነው?

ክሱን በቁጥር መመርመር ይቻላል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በሚተነፍሰው አየር ክብደት መጠን ነው። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአማካይ 78.5 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። መተማ ዮሐንስ ደግሞ 700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ግፊቱ ወደ 93 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። የጎንደር አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሜትር ኩብ 0.93 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ የመተማ አየር በ43 ዲግሪ ሙቀት እንኳ 1.03 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ የሚገኘው ውጤት ከተለመደው አባባል ጋር ይጋጫል። ከጎንደር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላውን መንገድ ወርዶ መተማ የገባ ሞተር፣ በጣም በሞቀው ቀን እንኳ፣ ከጎንደሩ አንድ አሥረኛ ያህል የበለጠ አየር ይተነፍሳል። ስለዚህ ጉልበት ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይገባውም። ከቀነሰ ምክንያቱ ከአየሩ ክብደት ውጭ መፈለግ አለበት።

የማቀዝቀዣው ጉዳይ የተለየ ነው። ራዲያተር ሙቀት የሚያወጣው በውሃው ሙቀትና በውጭው አየር ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውሃው 90 ዲግሪ ቢሆን፣ በጎንደር 20 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 70 ነው፤ በመተማ 43 ዲግሪ ሲሆን 47 ብቻ ይሆናል። ይህም የራዲያተሩን አቅም በሦስተኛ ያህል ይቀንሰዋል። ዋልካ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ሲዳከር፣ ነፋስ በሌለበት፣ ይህ ጉድለት በግልጽ ይታያል። እንግዲህ ሙቀቱ የሚያደርገው መጠባበቂያውን መብላት ነው። በትክክል የተገጠመ ሞተር ከራዲያተሩ ሁለት ሦስተኛ አቅም ጋር ሊኖር ይችላል። በተዛባ ካምሻፍት የሚሠራ ሞተር ግን ለአንድ ዓይነት ሥራ ብዙ ነዳጅ ስለሚያቃጥል፣ በደጋው ሳይታወቅ የቆየው ጉድለቱ ቆላ ሲደርስ ይጋለጣል።

የካምሻፍት ጊዜ መዛባት የሚያደርሰው ጉዳት

በአራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። በላንድሮቨሩ የቤንዚን ሞተር የማስገቢያው ቫልቭ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ (ቶፕ) ሊደርስ 6 ዲግሪ ሲቀረው ይከፈታል፤ የሚዘጋው ፒስተኑ ታችኛው ጫፍ ደርሶ መመለስ ከጀመረ ከ52 ዲግሪ በኋላ ነው። የማስወጫው ቫልቭ ከታችኛው ጫፍ 34 ዲግሪ ቀድሞ ይከፈትና ከላይኛው ጫፍ 24 ዲግሪ አልፎ ይዘጋል። ሁለቱም የሚከፈቱበት ጊዜ 238 ዲግሪ ሲሆን፣ ሁለቱ በአንድነት ክፍት የሚሆኑበት ደግሞ 30 ዲግሪ ነው። እነዚህ ሁሉ የክራንክሻፍት ዲግሪዎች ናቸው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ለዝቅተኛ ፍጥነት ጉልበት ወሳኙ 52 ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላ ቫልቩ እስኪዘጋ ድረስ እመቃ አይጀምርም። የቢየላው ርዝመት የክራንክሻፍቱ ክንድ አራት እጥፍ ነው ተብሎ ሲሰላ፣ በ52 ዲግሪ የሚዘጋ ቫልቭ ከፒስተኑ ምት 85 በመቶውን ለእመቃ ይተዋል። ካምሻፍቱ 20 ዲግሪ ቢዘገይና ቫልቩ በ72 ዲግሪ ቢዘጋ የሚቀረው 71 በመቶ ብቻ ነው። በስም 7 ለ 1 የሚባለው የእመቃ ጥምርታ በተግባር በመጀመሪያው ሁኔታ 6.1፣ በሁለተኛው 5.3 ይሆናል። በከፍተኛ ፍጥነት የገቢው አየር ግስጋሴ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል፤ በጭቃ ውስጥ በዝግታ ሲኬድ ግን የሚሸፍነው የለም። አሽከርካሪው የጎደለውን በነዳጅ ይተካል፣ ዝቅ ባለ ማርሽ ይሄዳል፣ ሞተሩም ከሚሠራው ሥራ ጋር የማይመጣጠን ሙቀት ያወጣል።

20 ዲግሪ የተጋነነ ምሳሌ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአንድ ጥርስ ስህተት ብቻ ነው። የካምሻፍቱ ማርሽ 36 ጥርስ አለው ብንል አንዱ ጥርስ በካምሻፍቱ 10፣ በክራንክሻፍቱ 20 ዲግሪ ነው። ካምሻፍቱ በአንድ ጥርስ ቢቀድምስ? ያን ጊዜ የማስወጫው ቫልቭ ጋዙ ሥራውን ሳይጨርስ ይከፈታል፤ በመስፋፋት ጉልበት ሊሰጥ ይገባው የነበረው ትኩስ ጋዝ ወደ ቫልቩ ራስና በማስወጫው መተላለፊያ ዙሪያ ወዳለው ውሃ ሙቀቱን ያራግፋል። መዝግየቱም መቅደሙም፣ በተለያየ መንገድ፣ ራዲያተሩ ላይ ይደርሳሉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ስህተቱ በሌላ ስህተት የሚደበቅ መሆኑ ነው። ጉልበት ያጣ ሞተር ሲገጥም የተለመደው መላ ዲስትሪቢዩተሩን አዙሮ የካንዴላውን እሳት ማስቀደም ነው። በትክክል በተገጠመ ሞተር ላይ እሳቱ ከልክ በላይ ቢቀድም ሞተሩ ያንኳኳል፣ ባለሙያውም ይመለሳል። ካምሻፍቱ የዘገየበት ሞተር ግን እመቃው የወረደ ስለሆነ የቀደመውን እሳት ሳያንኳኳ ይቀበላል። ሞተሩ ለጊዜው የተሻለ ይመስላል፤ ሁለት ስህተቶች ተደጋግፈው ይቆማሉ። ቆይቶ ሰንሰለቱን ብቻ ለውጦ ጊዜውን የሚያስተካክል ሌላ ባለሙያ ሲመጣና እሳቱ በነበረበት ሲተው ማንኳኳቱ ይጀምራል፤ ወቀሳውም ትክክለኛውን ሥራ በሠራው ላይ ይወድቃል።

ከመክፈት በፊት፦ የእመቃ ጌጅ በደጋና በቆላ

ሞተሩ ሳይፈታ ጥርጣሬን ለማጥበብ የሚረዳው የእመቃ መለኪያ ጌጅ ነው። የአንድ ሲሊንደር ንባብ ብቻ ቢወርድ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። አራቱም በእኩል ቢወርዱ ሁለት ግምቶች ይቀራሉ፤ ወይ ፋሻዎቹ በሙሉ አልቀዋል፣ ወይ ካምሻፍቱ ዘግይቷል። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ደግሞ መለካት ይለያቸዋል። ዘይቱ ፋሻውን ለጊዜው ስለሚደፍን ንባቡ በግልጽ ከጨመረ ያረጀው ፋሻ ነው። አራቱም ባሉበት ከቀሩ ወደ ካምሻፍቱ መሄድ ያስፈልጋል። አዲስ በታደሰ ሞተር ላይ ይህ የሁለተኛው ውጤት ትርጉም ይበልጥ የጠነከረ ነው፤ ፋሻው አዲስ ነውና።

እዚህ ላይ የአካባቢው መልክዓ ምድር ወጥመድ አለው። የጌጁ ንባብ ከውጭው አየር ግፊት ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጎንደር ላይ 100 የተነበበበት ሞተር፣ ምንም ሳይነካ፣ መተማ ላይ 119 ያህል መነበብ አለበት። ጎንደር ታድሶ የተለካ ሞተር መተማ ወርዶ ያንኑ የጎንደሩን ቁጥር ቢሰጥ “አልተለወጠም” ተብሎ ይታለፋል፤ በእርግጥ ግን ስድስተኛ ያህል እመቃ አጥቷል ማለት ነው። በአምራቹ መመሪያ ያለውን በባሕር ጠለል የተለካ ቁጥር ደጋ ላይ ፈልጎ ማጣት ደግሞ የተገላቢጦሹ ስህተት ነው፤ ደህናውን ሞተር ያስፈታል። ንባብ ሲመዘገብ ቦታውን አብሮ መመዝገብ የግድ ነው።

ምልክት ለምን አይበቃም?

ሞተር ሲፈታ የሰንሰለቱንና የማርሾቹን አቀማመጥ በቡጭቅጭቅ ወይም በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ሲገጠም በዚያው መመለስ በየጋራዡ የተለመደ ነው። ዘዴው ጤነኛ ሆኖ ለተፈታ ሞተር ይሠራል። ለእድሳት የመጣ አሮጌ ሞተር ግን ጤነኛ ነው የሚያሰኝ ምንም ማስረጃ የለም፤ ምልክቱ የቀድሞውን ስህተት በታማኝነት ይዞ ወደ አዲሱ ሞተር ያሻግረዋል።

ሰንሰለቱን እንመልከት። የሚስበው ወገን በማለቅ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢረዝም፣ ከላይ በተጠቀሰው ባለ 36 ጥርስ ማርሽና 9.525 ሚሊ ሜትር የሰንሰለት እርከን ሲሰላ፣ ካምሻፍቱ በክራንክሻፍት ልኬት ወደ 3 ዲግሪ ይዘገያል። አሮጌውን ሰንሰለት መልሶ በአዲስ ማወጠሪያ ማወጠር ይህን አያርምም። ማወጠሪያው የሚሰበስበው የላላውን ወገን ነው፤ ጊዜውን የሚወስነው ግን የሚስበው ወገን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዕቃ መቀላቀል ነው። ለእንዲህ ያለ ሞተር መለዋወጫ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወይም ከድንበሩ ማዶ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱ ሞተር ከሦስት ሞተሮች ሊገጣጠም ይችላል። በላንድሮቨሩ ሞተር ዋናው የካምሻፍት ምልክት በቮላኖው ላይ ይገኛል፤ የአንደኛው ሲሊንደር የማስወጫ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበትን ቦታ ያመለክታል። ቮላኖው ከሌላ ሞተር የመጣ ከሆነ የሚናገረው ስለዚያ ሞተር ነው። የቤንዚኑ ሞተር ማስወጫ ቫልቭ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከላይኛው ጫፍ 95 ዲግሪ ቀድሞ ሲሆን፣ የተመሳሳዩ ባለ 2.25 ሊትር ናፍጣ ሞተር ግን 109 ዲግሪ ቀድሞ ነው። በሁለቱ መካከል 14 ዲግሪ አለ። የካምሻፍቶቹ መመሳሰልም ያሳስታል፤ በዓይን የሚለያቸው ጥቂት ባለሙያ ነው፣ ልኬት ግን በአንድ ጊዜ ይለያቸዋል።

ልኬቱ

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዳያል ጌጅ፣ ፊለር ጌጅ፣ ፒስተን ማቆሚያ የሚሆን ብሎንና በዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ ናቸው። ሰሌዳው ከቆርቆሮ ሊሠራ ይችላል። ስፋቱ 229 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 720 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን እያንዳንዱ ዲግሪ ሁለት ሚሊ ሜትር ቦታ ያገኛል፤ ግማሽ ዲግሪ በዓይን ይነበባል ማለት ነው። ሰሌዳው በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ጠቋሚ የሚሆን ጠንካራ ሽቦም በሞተሩ አካል ላይ ይጠበቃል።

ቀዳሚው ሥራ እውነተኛውን የላይኛ ጫፍ ማግኘት ነው፤ ችኮላ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸውም እዚህ ነው። ፒስተኑ ጫፉ ላይ ሲቃረብ እንቅስቃሴው እጅግ ስለሚቀንስ በ5 ዲግሪ ዙረት የሚጓዘው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በካንዴላ ቀዳዳ ሽቦ አስገብቶ “ቆመ” ያሉበትን ቦታ ጫፍ ብሎ መውሰድ ስለዚህ ብዙ ዲግሪ ሊያስት ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ፒስተኑን ጫፉ ላይ ሳይደርስ በማቆሚያ ማገድ፣ ክራንክሻፍቱን በቀስታ በአንድ አቅጣጫ አዙሮ ሲነካ ማንበብ፣ ከዚያም በተቃራኒው አዙሮ ሲነካ ማንበብ ነው። የሁለቱ ንባቦች እኩሌታ እውነተኛው ጫፍ ነው። በአንድ በኩል 24፣ በሌላ በኩል 30 ከተነበበ ሰሌዳው በ3 ዲግሪ ተዛብቷል፤ ጠቋሚውን አስተካክሎ ሁለቱም 27 እስኪሆኑ መድገም ነው። ማቆሚያው ወጥቶ ካልተቀመጠ በቀር ወደ ቀጣዩ ሥራ አይኬድም፤ በግድ የዞረ ክራንክሻፍት ፒስተን ይሰብራል።

ቀጥሎ የአንደኛው ሲሊንደር የማስወጫ ቫልቭ ክፍተት በመመሪያው መሠረት 0.25 ሚሊ ሜትር ላይ ይስተካከላል፤ የዳያል ጌጁ እግርም በቫልቩ ላይ ይቀመጣል። ክራንክሻፍቱ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ ይዞራል። ወደ ኋላ ከተመለሰ የሚስበው የሰንሰለቱ ወገን ስለሚላላ ንባቡ ይዋሻል፤ ካለፈም ሩብ ዙር ያህል መልሶ እንደገና በትክክለኛው አቅጣጫ መምጣት ያስፈልጋል። (ለፒስተን ጫፍ ፍለጋ ወደ ኋላ መዞር የተፈቀደው ሰንሰለቱ በዚያ ልኬት ውስጥ ስለማይገባ ነው።)

የመክፈቻውን ነጥብ ትቶ ጣሪያውን መለካት የተመረጠበት ምክንያት አለው። ቫልቩ መነሣት ሲጀምር እንቅስቃሴው በጣም ዝግተኛ ስለሆነ፣ በክፍተቱ ላይ የሚኖር የመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ስህተት የመክፈቻውን ነጥብ በብዙ ዲግሪ ያሸሸዋል። ጣሪያው ከዚህ ነጻ ነው። ሆኖም ጣሪያው ራሱ ጠፍጣፋ በመሆኑ በቀጥታ አይነበብም። ዳያሉ ከከፍተኛው ንባብ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው በሰሌዳው ያለው ዲግሪ ይመዘገባል፤ ጣሪያውን አልፎ እንደገና 0.5 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ሁለተኛው ዲግሪ ይመዘገባል። ለምሳሌ 116 እና 68 ከተነበበ እኩሌታው 92 ነው። የተፈለገው 95 ስለሆነ ካምሻፍቱ በ3 ዲግሪ ዘግይቷል። ያው ሥራ በ1 ሚሊ ሜትር ቢደገም እኩሌታው አንድ መሆን አለበት። የተለያየ እንደሆነ የካሙ ጉብታ በአንድ ወገን ተበልቷል፤ ያን ካምሻፍት በትክክል መግጠም አይቻልም፣ መለወጥ እንጂ።

ማስተካከያው እንደ ሞተሩ እድሜ ይለያል። በብዙዎቹ ቀደምት የሮቨር ሞተሮች የካምሻፍቱ ማርሽ ከአንድ በላይ የሽብልቅ ጎድጎድ አለው። ሽብልቁ (በጋራዥ አነጋገር ኪያቤታ) በአንዱ ፈንታ በሌላው ጎድጎድ ሲገባ ማርሹ ከአንድ ጥርስ ባነሰ መጠን ይሸሻል፤ ጥርስን ከጎድጎድ ጋር በማቀናጀት ወደሚፈለገው 95 በጣም መቅረብ ይቻላል። አንድ ጎድጎድ ብቻ ባለው ማርሽ የቀረው አማራጭ ልኬቱን ማወቅና ልዩነቱ ከፍ ያለ ከሆነ ሰንሰለቱንና ማርሾቹን በአንድነት መለወጥ ነው። አሮጌ ማርሽ ላይ አዲስ ሰንሰለት መጫን ገንዘብ ማባከን ነው። እስከ 2 ዲግሪ ያለ ልዩነት በዚህ መሣሪያ ከሚደርስ የንባብ ስህተት ብዙም ስለማይርቅ እርሱን ማሳደድ አይጠቅም። ከተስተካከለ በኋላ ክራንክሻፍቱ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ልኬቱ ይደገማል። የናፍጣው ሞተር ከሆነ ይህ የእጅ ዙር ሊታለፍ አይገባም፤ የእመቃ ጥምርታው 23 ለ 1 ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፣ የተዛባ ቫልቭም ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል።

ሌሎች ሞተሮች

ዘዴው ለሌሎችም ይሠራል፤ ወጥመዳቸው ግን ይለያያል። ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ በተቀመጠበት ሞተር፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ታክሲነት የታወቀው ላዳ፣ በሙቀት የተጣመመ ቴስታታ ሲላግ ካምሻፍቱ ወደ ክራንክሻፍቱ ይቀርባል። የሚስበው የሰንሰለት ወገን በዚያው ልክ ስለሚላላ ካምሻፍቱ ይዘገያል፤ ምልክቶቹ ግን ልክ እንደ ገጠሙ ይታያሉ። ሞቆ የተበላሸ ሞተር ከጥገናው በኋላ ይበልጥ የሚሞቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በላንድሮቨሩ ቴስታታ መላግ የካምሻፍቱን ጊዜ አይነካም፤ የቫልቩን ክፍተትና የሮከሩን አንግል እንጂ።

በማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ የሚገኘው ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ሰንሰለት የለውም፤ በማርሽ ብቻ ይነዳል፣ ጊዜውም በማርሾቹ ላይ በተቀረጹ ምልክቶች ይገጠማል። በመካከል ያለው ማርሽ የጥርስ ቁጥሩ ስለሚለይ፣ አንድ ጊዜ የገጠሙት ምልክቶች ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር ተመልሰው አይገጥሙም። ይህን ያላወቀ ባለሙያ በትክክል የገጠመውን ሞተር ተሳስቻለሁ ብሎ ሊፈታው ይችላል። ለእርሱም የሚያስተማምነው የአንደኛው ሲሊንደር ጫፍና የቫልቩ ጣሪያ ልኬት ነው።

እሳቱ በመጨረሻ

የካንዴላው እሳት የሚስተካከለው ካምሻፍቱ ተለክቶ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩ ከካምሻፍቱ ስለሚነዳ የካምሻፍቱ እርማት እሳቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ጎንደር ታድሶ ለመተማ የሚሄድ ሞተር በጎንደር አየር እስኪያንኳኳ እየቀደመ ቢስተካከል፣ ከታች የሚጠብቀው ከባድና ሞቃት አየር ማንኳኳቱን ወዲያው ያመጣዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ እዚያው ቆላው ላይ፣ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ከያዘ በኋላ፣ በሚቀዳው ቤንዚን መሠራት አለበት። የካምሻፍቱ ልኬት ግን በከፍታም በሙቀትም አይለወጥም፤ ጎንደር የተለካው 95 መተማም 95 ነው። ይህ ቁጥር፣ ከሁለቱ የጎን ንባቦች፣ ከእመቃው ጌጅ ንባብና ከተለካበት ቦታ ጋር ተጽፎ ከመኪናው ሰነድ ጋር ቢቀመጥ፣ ቀጣዩ ባለሙያ ሞተሩ በሞቀ ቀን ሰንሰለቱ ምን ያህል እንደ ረዘመ በሁለት ሰዓት ሥራ ሊያውቅ ይችላል።